ለሞዴል ባቡር በእጅ የሚሠራውን የኃይል ሣጥን ስለ ማሻሻል

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ትንሽ ሣጥን ለመናገር ነው። ሣጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ሥራውም ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ተቀብሎ ለሞዴል ባቡር ወደ 12 ቮልት የሚሆን ቀጥተኛ ኮረንት መስጠት ነው። ነገሩ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በመጪው የጉብኝት ቀን ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚመጡት ልጆች በእጃቸው የሚነኩት ሐዲድ ከዚሁ ሣጥን ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ ከጨዋታ በላይ መሆኑን ሁላችሁም ትረዱልናላችሁ ብለን እናምናለን። ኅብረቱም «ይህ ሣጥን በልጆች ፊት ይቅረብ ወይስ ይቅር?» የሚል ጥያቄ አቅርቦልናል። የንግግራችን ዓላማ ለዚህ ጥያቄ በማስረጃ የተደገፈ መልስ መስጠት ነው።

ባቡሩ እንዴት ወደ እኛ እንደ መጣ ባጭሩ እንናገር። በአሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪ አንድ ጎታች ባቡር፥ አምስት ፉርጎዎችና በክብ የሚገጠም ሐዲድ በስጦታ ላከልን። ከዕቃው ጋራ የመጣው የኃይል ሣጥን ግን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ በአገራችን መስመር ያለው ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተጠመጠመ ትራንስፎርመር 220 ቮልት ላይ ቢሰካ የብረቱ እምብርት ከአቅሙ በላይ በማግኔት ይሞላል፤ ከመስመሩ የሚስበው ኮረንት ልክ ያጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ወንድሞቻችን ያንን ወደ ጎን ትተው በገበያ ከተገኘ ዕቃ የራሳቸውን ሣጥን ሠሩ። እኛም የወረስነው ይህንኑ ነው። ሥራቸውን የምንመረምረው ለመንቀፍ ሳይሆን እነርሱ ካቆሙበት ለመቀጠል መሆኑ ይታወቅልን።

«አገር ስንት ችግር እያለባት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ አሻንጉሊት ባቡር ይጨነቃልን?» የሚል ጓደኛ በመካከላችን እንዳለ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሳችን አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋሙ። በክበቡ ውስጥ አንዱ ወገን ቤቱንና ተራራውን ሲያስጌጥ፥ «የምልክትና የኃይል» ኮሚቴ የተባለው ሌላው ወገን ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ለስልክ ሥራ በተሠሩ ሪሌዎች ባቡሮቹን የሚቆጣጠር ሥርዓት ይዘረጋ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር የወጡት ልጆች ብዙ ሳይቆዩ በተቋሙ ውስጥ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ፊት ተቀምጠው ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ፤ በ1962 «ስፔስዋር» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሠሩት መካከልም የዚሁ ክበብ አባላት ነበሩበት። እኛ የእነርሱን ያህል እንሆናለን ማለታችን አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድን ነገር እስከ ሥሩ ድረስ ለማወቅ የነገሩ መጠን አይወስንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሞዴል ባቡር ሥራ በአውሮፓ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1891 እ.ኤ.አ. የሐዲድ ስፋት መለኪያዎችን በሥርዓት አወጣ፤ በአሜሪካም በ1935 ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ተቋቁሞ የተለያዩ ሠሪዎች ዕቃ እርስ በርሱ እንዲስማማ ደንብ ማውጣት ጀመረ። የእኛ ባቡር «ኤች ኦ» ከተባለው መጠን ነው። ይህም ማለት ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ይህ ቁጥር የተገኘው የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል ነው። ሁለቱ ሐዲዶች ራሳቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆነው ያገለግላሉ፤ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁሉም ነገር የተመሠረተው በዚህ ነው።

ታዲያ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ቀላሉና የጥንቱ መንገድ በመካከል ተለዋዋጭ ሬዚስተር ማስገባት ነበር። ይህ መንገድ ለምን እንደማያጠግብ በቁጥር እንመልከት። 12 ቮልት ምንጭ አለን እንበል፤ በመካከል 30 ኦም አስገብተናል። ባቡሩ በሜዳ ሲሄድ 0.2 አምፔር ቢስብ ሬዚስተሩ 6 ቮልት ያስቀራል፤ ለባቡሩ 6 ቮልት ይደርሰዋል። ዳገት ሲጀምር ድካሙ ስለሚበዛ 0.3 አምፔር ይስባል፤ ያን ጊዜ ሬዚስተሩ 9 ቮልት ያስቀርና ለባቡሩ የሚተርፈው 3 ቮልት ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባቡሩ ኃይል በፈለገበት ሰዓት ሬዚስተሩ ኃይል ይነሣዋል። ሲነሣም እንደዚሁ ነው፤ የቆመ ሞተር ብዙ ኮረንት ስለሚስብ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፤ እጀታውን ብዙ አዙረን በመጨረሻ ንቅንቅ ሲል ኮረንቱ ይቀንስና ቮልቴጁ በድንገት ይወጣል፤ ባቡሩም እንደ ደነገጠ ፈረስ ይፈናጠራል።

የማይዋዥቅ ቮልቴጅ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ወንድሞቻችን ይህን ስላወቁ ሬዚስተሩን ትተው «ኤል ኤም 317» የተባለውን ባለ ሦስት እግር ቮልቴጅ ተቆጣጣሪ አስገብተዋል። ይህ ዕቃ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦብ ዶብኪን የተባለ መሐንዲስ በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ሳለ የነደፈው ሲሆን፥ ዛሬም በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል። አሠራሩም በመውጫውና በማስተካከያው እግር መካከል ምን ጊዜም 1.25 ቮልት እንዲኖር መጠበቅ ነው። በሁለት ሬዚስተሮች አማካይነት ይህችን 1.25 ቮልት የፈለግነውን ያህል ጊዜ እናበዛታለን። ምርጫው ጥሩ ምርጫ ነበር። ይሁን እንጂ ጥሩ ተቆጣጣሪ በመጥፎ ጎረቤቶች መካከል ሲቀመጥ ሥራውን መፈጸም አይችልም። መሻሻል ያለባቸውን አምስት ነገሮች በተራ እናቀርባለን።

አንደኛው የደኅንነት ነገር ነው። በግድግዳው መስመርና በሐዲዱ መካከል ሁለት የተለያዩ ጥቅልሎች ያሉት ትራንስፎርመር መኖር አለበት። በአንድ ጥቅልል ብቻ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር በዓይን ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሐዲዱን ከመስመሩ ጋራ በቀጥታ ያገናኘዋል። በቴስተር ቢለካ ሐዲድ ለሐዲድ 12 ቮልት ያሳያል፤ ከሐዲዱ እስከ መሬት ግን 220 ቮልት ሊገኝ ይችላል። ልጁ የሚነካው ሐዲድ ነው፤ የቆመውም መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለም። በተጨማሪም በመግቢያው ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ትራንስፎርመሩ 30 ቮልት አምፔር ከሆነ ከመስመሩ የሚስበው ወደ 0.14 አምፔር ስለ ሆነ ዘግይቶ የሚቃጠል የ0.25 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ሣጥኑ ብረት ከሆነ የመሬት ገመዱ በብሎን ተጠብቆ ከብረቱ ጋራ ይታሰር፤ የመግቢያው ገመድም ቢጎተት እንዳይነቀል በማነቂያ ይያዝ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጎተራ የሆነው ካፓሲተር ነው። 15 ቮልት የሚባለው ትራንስፎርመር በማዕበሉ ጫፍ ላይ ወደ 21.2 ቮልት ይደርሳል። ተለዋዋጩን ኮረንት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት አራቱ ዳዮዶች በየጊዜው ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚሠሩ እስከ 2 ቮልት ይወስዳሉ፤ 19.2 ይቀራል። ግን ይህ በጫፉ ላይ ብቻ ነው። በአንድ ጫፍና በሚቀጥለው ጫፍ መካከል አንድ መቶኛ ሴኮንድ አለ፤ በዚያች ጊዜ ባቡሩን የሚመግበው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። ወንድሞቻችን ያስገቡት 1000 ማይክሮ ፋራድ ነው። ባቡሩ 1 አምፔር ቢስብ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ቮልቴጁ እስከ 10 ይወርዳል፤ ማለትም 19.2 የነበረው ወደ 9.2 ይጠጋል። ተቆጣጣሪው 12 ቮልት ለመስጠት ቢያንስ ወደ 14.5 ቮልት መቀበል ስለሚፈልግ፥ በሴኮንድ 100 ጊዜ ሥራውን ይተዋል። የሞተሩ እንጉርጉሮ የሚመጣው ከዚህ ነው። 4700 ማይክሮ ፋራድ ብናስገባ ግን መውረዱ 2.1 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ዝቅተኛው 17.1 ነው፤ ተቆጣጣሪውም አይራብም። ካፓሲተሩ ቢያንስ 35 ቮልት የሚችል ይሁን፤ ትራንስፎርመሩ ባዶውን ሲሆን ቮልቴጁ ከተጻፈበት በላይ ይወጣልና።

እዚሁ ላይ ስለ ትራንስፎርመሩ አንድ ቃል እንጨምር። ካፓሲተር የሚሞላው በአጭር በአጭር ምት ስለ ሆነ፥ ጥቅልሉ ከምናስበው በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ለማያቋርጥ ሥራ የሚታመነው ከዚያ ስድስት አሥረኛ ገደማ ነው። 2 አምፔር ከተባለው 1.2 አምፔር ቀጥተኛ ኮረንት እንጠብቅ። ለአንድ ባቡር ይህ ይበቃል፤ የዛሬ ዘመን ብዙዎቹ ጎታች ባቡሮች በደኅና ሲሄዱ ከግማሽ አምፔር በታች ይስባሉና።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ብዙ ሰው «ባቡሩ ሲፈጥን ሣጥኑ ይሞቃል» ብሎ ያስባል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወደ ተቆጣጣሪው በአማካይ 18 ቮልት ይገባል። በ12 ቮልትና በ1 አምፔር 6 ቮልት ስለሚቀር 6 ዋት ሙቀት ይሆናል። ባቡሩ ቀስ ብሎ በ4 ቮልት ሲሄድ ግን በዚያው 1 አምፔር 14 ቮልት ይቀራል፤ 14 ዋት ማለት ነው። ከተቆጣጣሪው እምብርት እስከ አየር ድረስ ለያንዳንዱ ዋት 10 ዲግሪ ይጨምራል ብንል፥ 14 ዋት በክፍሉ ሙቀት ላይ 140 ዲግሪ ይጨምራል። ዕቃው ከ125 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። ያን ጊዜ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ ሲበርድ ይከፍታል፤ ባቡሩም በየጊዜው ቆም ሄድ ይላል። ተመልካች ባቡሩ የታመመ ይመስለዋል፤ የታመመው ግን ሣጥኑ ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚያሳስበን ነው፤ ይኸውም የፍጥነት እጀታው ነው። በአሁኑ አሠራር እጀታው ራሱ የተቆጣጣሪውን ቮልቴጅ የሚወስነው ሬዚስተር ነው። በውስጡ ያለችው ተንሸራታች ጣት አቧራ ይዟት ለቅጽበት ከመንገዷ ብትነሣ፥ የተቆጣጣሪው ማስተካከያ እግር ወደ መሬት የሚወስደውን መንገድ ያጣል፤ ቮልቴጁም ወደ ላይ እስከ መጨረሻው፥ ማለትም ወደ 16 ቮልት ይወጣል። ባቡሩ ሽቅብ ይበርራል፤ በመታጠፊያውም ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ መሬት ይወድቃል። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ወደ መሮጥ ሳይሆን ወደ መቆም ማድላት አለበት።

ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የእውነተኛው ባቡር ትልቅ ትምህርት ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን ባቡሩን የሚያቆመው አየር በቧንቧ ሲላክ ነበር፤ ቧንቧው ቢበጠስ ፍሬን የለም። በ1872 ያወጣው ሁለተኛው ፍሬን ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ቧንቧው በአየር ተሞልቶ ሳለ ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲያመልጥ ይይዛል። ፉርጎ ቢቆረጥ ወይም ቧንቧ ቢፈነዳ ባቡሩ በራሱ ይቆማል።

እንግዲህ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ችግር አንድ መፍትሔ አግኝተናል። ተቆጣጣሪውን ከእጀታው እንለየው። በ220 ኦምና በ2200 ኦም ሬዚስተር አንድ ጊዜ አስረን ብናስቀምጠው፥ ብዜቱ 11 ስለ ሆነ 1.25 በ11 ሲባዛ 13.75 ቮልት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ከእርሱ ቀጥሎ «ቲ አይ ፒ 122» የተባለውን የዳርሊንግተን ትራንዚስተር እናስገባለን። ዳርሊንግተን ማለት አንዱ የሌላውን ኮረንት የሚያበዛ የሁለት ትራንዚስተሮች ጥንድ ነው፤ ስሙም በ1953 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ከፈለሰፈው ከሲድኒ ዳርሊንግተን የመጣ ነው። እጀታው 1000 ኦም ሆኖ ጫፍና ጫፉ በ13.75 ቮልትና በመሬት መካከል ይታሰራል፤ ተንሸራታቿ ጣት ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ ትሄዳለች፤ ከቤዙ ወደ መሬት ደግሞ 10,000 ኦም ይጨመራል። ባቡሩ የሚያገኘው ጣቷ ካለችበት ቮልቴጅ 1.4 ያህል የቀነሰውን ነው፤ ከፍተኛውም 12.35 ቮልት ይሆናል። ጣቷ ብትነሣ 10,000 ኦሙ ቤዙን ወደ ዜሮ ያወርደዋል፤ ባቡሩም ይቆማል።

የሙቀቱም ነገር በዚሁ ይስተካከላል። ያ 14 ዋት ለሁለት ይከፈላል፤ ተቆጣጣሪው 4.4 ዋት ያህል፥ ትራንዚስተሩ ደግሞ ወደ 10 ዋት ይሸከማሉ። ትራንዚስተሩ ሙቀቱን ከተቆጣጣሪው ይልቅ በቀላሉ ወደ ብረቱ ስለሚያሳልፍና እስከ 150 ዲግሪ ስለሚችል፥ ለየራሳቸው ሙቀት የሚያበርድ የአሉሚኒየም ክንፍ ከተሰጣቸው ሁለቱም ከ100 ዲግሪ በታች ሆነው ይሠራሉ። ክንፎቹ ከሣጥኑ ውጭ አየር በሚያገኙበት በኩል ይሁኑ፤ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለ ክንፍ ሙቀቱን ለራሱ መልሶ ይሰጣል። በክንፉና በዕቃው መካከልም ሚካ መግባቱ አይረሳ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

የመብራቱ መዋዠቅስ? መስመሩ ከ220 ወደ 198 ቮልት ቢወርድ፥ ማለትም አሥር በመቶ ቢቀንስ፥ ትራንስፎርመሩ 13.5 ቮልት ይሰጣል። ዳዮዶቹ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ በጫፉ ላይ 17.1 ይቀራል፤ አንድ ባቡር 0.4 አምፔር ሲስብ የካፓሲተሩ መውረድ 0.85 ስለ ሆነ ዝቅተኛው 16.2 ቮልት ነው። ተቆጣጣሪው በዚህ መጠን ኮረንት 13.75 ለመስጠት 15.8 ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ አምፖሎች ደብዘዝ ሲሉ ባቡሩ አይሰማውም። ሁለት ባቡር ባንድነት ለመንዳት የሚፈልግ ግን 18 ቮልት ትራንስፎርመር ይያዝ፤ ያን ጊዜም ክንፉን ማሳደግ አለበት።

አምስተኛው በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ነው። በቤት ውስጥ ኮንታክት አደጋ ነው፤ በሞዴል ባቡር ላይ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አንድ መንኮራኩር ከሐዲድ በወጣ ቁጥር ሁለቱ ሐዲዶች ይገናኛሉ። ተቆጣጣሪው ራሱን የሚያድንበት ዘዴ አለው፤ ነገር ግን በየደቂቃው በዚህ ዘዴ መተማመን መልካም አይደለም። እኛ የመረጥነው ርካሽ ነገር ነው፤ 12 ቮልት 21 ዋት የሆነ የመኪና የፍሬን አምፖል ከሣጥኑ ወደ ሐዲድ በሚሄደው ሽቦ ላይ በተከታታይ ማስገባት ነው። የአምፖል ሽቦ ሲቀዘቅዝ የሚቃወመው በጣም ጥቂት ነው፤ ሲግል ግን አሥር ጊዜ ያህል ይበዛል። ባቡሩ በደኅና ሲሄድ አምፖሉ ጥቂት አሥረኛ ቮልት ብቻ ይወስዳል፤ አይበራምም። ኮንታክት ሲሆን ቦግ ብሎ ይበራል፤ ኮረንቱንም በ1.75 አምፔር አካባቢ ይይዘዋል። ሙቀቱን የሚሸከመው ለሙቀት የተፈጠረው አምፖል ይሆናል፤ ብርሃኑም «ባቡሩ ወጥቷል» ብሎ ለነጂው ይነግራል። አምፖሉ በጣም ስለሚሞቅ ከልጆች እጅና ከፕላስቲክ ይራቅ።

ከዚሁ ጋራ ስለ አቅጣጫ መለወጫው እንናገር። ባቡሩ እየሮጠ ሳለ አቅጣጫው በድንገት ቢለወጥ፥ ሞተሩ በመዞር ላይ ሳለ የሚያመነጨው የራሱ ቮልቴጅ ከሣጥኑ ቮልቴጅ ጋራ ይደመራል፤ ኮረንቱም እጅግ ይበዛል፤ የሞተሩ ጥርሶችም ይጎዳሉ። ስለዚህ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል የማጥፊያ ቦታ ያለው ማብሪያ ይግባ፤ ነጂው በመካከሉ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ከማብሪያው በፊትም አንድ ዳዮድ በግልባጭ ይታሰር፤ መንኮራኩር በቆሸሸ ሐዲድ ላይ ሲዘል ሞተሩ የሚረጨውን የግልባጭ ቮልቴጅ ይውጠዋል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ቃላችንን ሳይሆን ልኬቱን እመኑ። ሣጥኑ ከመስመሩ ተነቅሎ ሳለ በስፒናው ጥርሶችና በሐዲዱ መካከል ያለው መከላከያ በ500 ቮልት ሜገር ይለካ፤ ብዙ ሜጋ ኦም ካላሳየ ሥራው በዚያው ይቁም። ቀጥሎ ሣጥኑ ይሰካና ቮልቴጁ ባዶውን ይለካ፤ 12 ኦም 25 ዋት ሬዚስተር ተደርጎበት እንደገና ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት ብዙ ከበለጠ ስሕተት አለ ማለት ነው። ሐዲዶቹ ሆን ተብሎ ለአሥር ደቂቃ ይገናኙና ከሣጥኑ ጭስም ሽታም አለመውጣቱ ይታይ። በመጨረሻም የእጀታው የመካከል ሽቦ ይነቀል፤ ባቡሩ ከቆመ ሣጥኑ ፈተናውን አልፏል።

እውነቱን ለመናገር የማይዋዥቅ ቮልቴጅ የማይዋዥቅ ፍጥነት ማለት አይደለም። ሞተሩ ራሱ በውስጡ ተቃውሞ አለው። 8 ኦም ነው ብንል፥ በ6 ቮልት በሜዳ 0.2 አምፔር ሲስብ 1.6 ቮልት በውስጡ ይቀርና ለመዞር 4.4 ቮልት ይተርፈዋል። ዳገት ላይ 0.3 አምፔር ሲስብ 3.6 ይተርፈዋል። ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በጥንቱ ሬዚስተር ግን በዚያው ዳገት ላይ 3 ቮልት ብቻ ስለሚደርሰው የሚተርፈው 0.6 ቮልት ነበር፤ ይህም መቆም ማለት ነው። ከ4.4 ወደ 0.6 በመውረድና ከ4.4 ወደ 3.6 በመውረድ መካከል ያለው ልዩነት የድካማችን ዋጋ ነው።

የቀረውንም ለመሙላት መንገድ አለ። ኮረንቱ ለቅጽበት ተቋርጦ ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ቢለካ ፍጥነቱ ይታወቃል፤ በዚያ መሠረት ኃይሉን መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ከዚያም አልፎ በጀርመን የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ላይ ተመሥርቶ፥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማኅበር ደንብ ያደረገው «ዲ ሲ ሲ» የተባለ ዲጂታል ሥርዓት አለ፤ በዚህ ሥርዓት ሐዲዱ ምን ጊዜም ሙሉ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ትእዛዙ በዚያው ሽቦ በምልክት ይላካል፤ እያንዳንዱ ባቡርም በሆዱ ባለው መሣሪያ የራሱን ትእዛዝ ብቻ ይሰማል። ይህ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የምንተወው ሥራ ነው። ሆኖም ዲጂታሉም ቢሆን ጥሩ የኃይል ሣጥን ሳይኖረው አይሠራም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ትምህርት በጠረጴዛ ላይ አይቀርም። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ይስባል፤ ኮረንቱም በሐዲዱ በኩል ይመለሳል፤ የሐዲዱም ስፋት እኛ ለ87 ያካፈልነው ያው 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ባቡር ከኃይል ጣቢያ በራቀ መጠን ሽቦው ቮልቴጅ ያስቀርበታል፤ ስለዚህ ጣቢያዎቹ በየርቀቱ ይተከላሉ። ያ መሐንዲስና እኛ የምናሰላው በአንድ ሕግ ነው፤ የሚለየው የዜሮዎቹ ብዛት ነው።

አሁን ለኅብረቱ ጥያቄ መልሳችንን እንስጥ። ሣጥኑ አሁን ባለበት ሁኔታ በልጆች ፊት መቅረብ የለበትም። ከላይ የዘረዘርነው ተሻሽሎለትና ተፈትኖ ግን መቅረብ ይገባዋል፤ እንዲያውም ክዳኑ በግልጽ ፕላስቲክ ተሠርቶ ልጆቹ ውስጡን እያዩ ቢጠይቁ ደስ ይለናል። ተዘጋጅቶ የተገዛ ሣጥን ባቡሩን ይነዳ ይሆናል፤ «ይህ ለምን ሆነ?» ለሚል ልጅ ግን መልስ አይሰጥም።

ከዚህ ጋራ ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፥ በወርክሾፓችን ውስጥ በተማሪ እጅ የተሠራና ከ220 ቮልት መስመር ጋራ የሚያያዝ ዕቃ ሁሉ፥ ከሠራው ሰው ሌላ በሆኑ ሁለት ሰዎች ተመርምሮ ሳይፈረምበት እንዳይሰካ ኅብረቱ ደንብ ያውጣ። ሁለተኛ፥ የእያንዳንዱ ሣጥን ሥዕልና የልኬቱ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ እኛ ያሰብነውን ለማወቅ ሽቦ እየተከተለ ጊዜውን አያጥፋ። ሦስተኛ፥ በክብር መምህራኖቻችን ፈቃድ አንድ ቅዳሜ ተመድቦልን፥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይህንኑ ሣጥን ከእኛ ጋራ ተቀምጠው እንዲሠሩ ይደረግ። ብየዳውንና ልኬቱን እነርሱ ይሥሩ፤ እኛ አጠገባቸው ቆመን እንጠይቅ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ስሌታችንን የሚጠራጠርም ካለ ጠመኔውን ይቀበለንና ሰሌዳው ላይ ይሞክረው።